ከአራቱ የትኛው የእኛ ነው

ብሬመን፣ ጥር 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዑመይር ሙስተፋ፤

እንደምን ሰነበትክ? እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ እናትህ እማማ ከድጄስ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ባለቤትህ ፈቲሀና ልጆቹስ? ለኢድ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ቢሆን ከለመድኩት ቆይቻለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካሴት ይደርስሃል። ቴፑ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ችኩል መሆንህን አልረሳሁም።

እንደምታውቀው የምሠራው ሽማግሌው ቦልተ ዘንድ ነው፤ የጊታር አምፕሊፋየር እንጠግናለን። የሚበዛው ጌይኑ፣ ማለትም ድምፅ የማጉላት አቅሙ፣ ከፍ ያለ፣ የሮክ ልጆች ጊታራቸውን የሚያስጮኹበት ዓይነት ነው። ሌላው ሰው ድምፁ እንዳይቀደድ ይጠነቀቃል፣ እነዚህ እንዲቀደድላቸው ይከፍላሉ። ጥበቡ ያለው አቀዳደዱ ላይ ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየቆየሁ አንድ የራሴን ሠርቻለሁ።

ቦልተ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ደክሞታል። የእኔ አምፕሊፋየር ጥሩ ከሆነ ሃያ ያህል ሠርተን፣ ስሜን ጽፈንበት፣ ሱቁንም ለእኔ ሊተውልኝ አስቧል። ካልሆነ ሰኔ ላይ ኪራዩ ሲያልቅ ለጎረቤቱ ለብስክሌት ሻጩ ያስረክባል። ታዲያ ጥሩ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ጆሮዬ አርጅቷል፣ አንተንም እወድሃለሁ፣ ስለዚህ የትኛው ያንተ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጠይቅ አለኝ። ያ ሰው አንተ ነህ።

ካሴቱ ላይ አራት አምፕሊፋየሮች አሉ። ሦስቱ የታወቁ ፋብሪካዎች ሥራ ናቸው፣ አንዱ የእኔ ነው። ጊታሩ አንድ፣ ስፒከሩ አንድ ነው፤ ማይኩም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የምመታውም ያንኑ ነው። የአራቱንም ድምፅ በመለኪያ እኩል አድርጌዋለሁ፣ ጆሮ ሁልጊዜ የጎላውን ይወዳልና። ከእያንዳንዱ በፊት ቁጥሩን እናገራለሁ።

አንዱን ምረጥ። የመረጥከውን፣ የማንም ይሁን የማን፣ እልክልሃለሁ፤ የወልቂጤው ከማሉ ከሃምቡርግ ኮንቴይነር ይጭናል። ኪቦርዱ ጊታሬን ዋጠው ብለህ ጽፈህልኝ አልነበር? ይጠቅምሃል። ብቻ አደራህን፣ አታዳላ። ሥራዬ በዚህ ላይ ቆሟል።

ወንድምህ ምንተስኖት ዱባለ


ቡታጅራ፣ የካቲት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ምንተስኖት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት ሲበርድ ይይዛታል እንጂ ለክፉ አይሰጣትም። ፈቲሀ ሰላም በልልኝ ብላለች። ልጆቹ የላክላቸውን ከረሜላ በልተው ወረቀቱን ደብተራቸው ላይ ለጥፈውታል።

ካሴቱ ደርሶኛል፤ ደብዳቤውንም እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው የከተትኩት፣ እንኳን ደስ ያለህ። ለጥገና ሱቄ ከመጣው ቴፕ ሁሉ ደህናውን መርጬ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠርጌ፣ ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። አብረውኝ የሰሙት እናቴ፣ ፈቲሀና የባንዳችን አለቃ ዳምጤ ናቸው፤ ያ ኪቦርድ ገዝቶ እኔን መድረክ ጥግ ያስቀመጠኝ ሰውዬ። ገና ቁጥር አንድ ሲጀምር ስፒከርህ ተቀዷል ብሎ ሊያጠፋው ተነሣ። ተቀመጥ፣ ሆን ተብሎ ነው የተቀደደው ስለው፣ ፈረንጅ ጤነኛ ዕቃ ገዝቶ ያሳምማል እንዴ አለኝ።

እናቴ ደግሞ ጊታሩን ትታ አንተ «ቁጥር አንድ»፣ «ቁጥር ሁለት» የምትልበትን ብቻ አስደገመችኝ። ከዚያ ከሚቆራረጠው ስልክ በቀር ድምፅህን አጥርታ ከሰማች ስድስት ዓመቷ ነው። አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

የምትመታውን ወዲያው አወቅነው፤ በወፍራሙ ክር የመስቃንን የሠርግ ምት ነው። አመታትህ ያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመታት ነው፣ አትቀየመኝ።

ወደ ፍርዱ ስመጣ፣ ቁጥር ሁለት ቆርቆሮ ሲቆረጥ ይመስላል። ቁጥር አራት ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። ሁለቱን ጥያቸዋለሁ። የቀሩት አንድና ሦስት ናቸው። አንድ ለስለስ ያለ ነው፣ ድምፁ ጋቢ እንደተከናነበ ሰው ትንሽ ይታፈናል። ሦስት በጣም ተቀድዶም ክር በክር ይለያል፤ መዳፍህን ስታሳርፍበት ጸጥ ይላል። ከሁለቱ አንዱን ደጋግመን ሰምተነዋል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ለጊዜው አልነግርህም። ምስጢር መያዝ አንተ ብቻ ታውቃለህ እንዴ?

አንዲት ፍንጭ ብቻ ስጠኝ። ያንተው ጯሂ ነው ጭምት? ለሰው አላወራም፣ ወላሂ።

ታናሽህ ዑመይር ሙስተፋ


ብሬመን፣ መጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዑመይር፤

በሰላም ውላችሁ እደሩ። እማማ ማልቀሳቸውን ሳነብ ሆዴ ባባ፤ ለሳቸው ሌላ ካሴት አዘጋጃለሁ፣ ጊታር የሌለበት።

ፍንጭ አልሰጥህም። ፍንጭ ከሰጠሁህማ ምኑን ፈረድከው? አንተ ገና ልጅ ሳለህም ዕንቆቅልሽ ሲጠየቅ የጠያቂውን ፊት ነበር የምታየው። እኔ የሠራሁት ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከሥራ በተረፈ ሰዓት የተሠራ ዕቃ ነው። አንተ ጆሮህ የነገረህን ብቻ ጻፍ።

ቦልተ እስከ አገራችን ፋሲካ ነው የሚጠብቀኝ። የብስክሌት ሻጩ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሱቁን በሜትር ለክቷል። እኔ ሥራ መሥራት አቅቶኛል፤ ትናንት የደንበኛ ዕቃ ላይ ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይሬ ፊውዝ አቃጠልኩ፣ በዚህ እድሜዬ።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ላክልኝ። ምክንያቱን በሁለት መስመር።

ወንድምህ ምንተስኖት


ቡታጅራ፣ መጋቢት 29 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ምንተስኖት፤

ሰላምታዬ ከእናቴ ዱዓ ጋር ይድረስህ። ሁላችንም ደህና ነን።

ቁጥር አንድ ነው።

ሁላችንም በአንድ ቃል ነው የመረጥነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተን አናውቅም። ልስላሴው፣ ግርማው፣ ሰው ሰው የሚሸተው ነገሩ! ጆሮ አይወጋም፣ ሽማግሌ አያስነሣም፣ ሠርግ ላይ ቢመቱት ሙሽራ አያስደነግጥም። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም።

ቁጥር ሦስት መጥፎ አይደለም፤ ግን የፋብሪካ ጥራት ነው፣ ሕይወት የለውም። ለቦልተም እንዲሁ በለው።

ደስ ብሎናል። ከማሉን ከአሁኑ ንገረው፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ቦታ ይያዝልን። ደግሞ ሱቁን ስትረከብ በሩ ላይ ቆመህ ተነሣና ፎቶውን ላክልን፤ እናቴ ለጎረቤት የምታሳየው ትፈልጋለች።

ታናሽህ ዑመይር


ብሬመን፣ ግንቦት 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለዑመይር፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። በመቆየቴ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶ ነው።

ስለ ፍርድህ አመሰግናለሁ። ደብዳቤህን ለቦልተ ተርጉሜ አንብቤለታለሁ። ቁጥር አንድን በቃሌ መሠረት በሣጥን አሽጌ ለከማሉ አስረክቤያለሁ፤ ነሐሴ መጨረሻ ወልቂጤ ይደርሳል ብሎኛል። ከማብራትህ በፊት የመስታወት ቫልቮቹ በመንገድ ላልተው እንደሆነ እይ።

ካሴቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ከፈለግህ ሠርግ ቅዳበት።

ምንተስኖት


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ ምንተስኖት፤

እንዴት ነህ? ደብዳቤህ አጠረብን። እናቴ ታሟል እንዴ እያለች እንቅልፍ የላትም፤ እኔ ግን ሃያውን ለመሥራት እየተጣደፈ ነው አልኳት። እውነቴን አይደል? ስምህን በአማርኛ ነው በፈረንጅ ፊደል የጻፋችሁት? ፎቶውም አልደረሰንም።

መልስ እንጠብቃለን።

ዑመይር


ቡታጅራ፣ መስከረም 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ምንተስኖት፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፣ መስቀልንም በሰላም እንዳሳለፍክ ተስፋዬ ነው። ለሐምሌው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። አሁን ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህ አልወቅስህም፣ አንተ ግን ይህን አንብበህ የፈለግከውን በለኝ።

ሣጥኑን ለመቀበል ወልቂጤ የሄድኩት ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው። ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ በአዲስ አበባ ዞሬ ሄድኩ። ከማሉ ራሱ አወጣልኝ። ቤት ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የወንድሜ የእጁ ሥራ ነው፣ ጀርመን አገር ከፋብሪካ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ነው ብዬ ላልጠየቀኝም ሁሉ ተናገርኩ። እናቴ እጇን አሳርፋበት ዱዓ አደረገች።

ከዚያ ቫልቮቹን እንዳይ ስላልከኝ የጀርባውን ክዳን ፈታሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ለቫልቩ ብቻ አልነበረም የቸኮልኩት፤ የሽቦ አያያዝህን ማየት ፈልጌ ነው። አባቴ ሁለታችንንም ሽቦ እንዴት እንዳስተማረን ታውቃለህ፤ ተሰብስቦ በሰም በተነከረ ክር፣ በየጣት ወርዱ ይቋጠራል። አንተ ከዚያ ልትወጣ አትችልም፣ እኔም አልወጣሁም። ከፍቼ ሳይ ክር የለም። የፋብሪካ ሰሌዳ፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ የመርማሪ ማኅተም። ቀስ ብዬ ክዳኑን መለስኩና ቁጭ አልኩ። ፈቲሀ ምን ሆነህ ነው ፊትህ አመድ የመሰለው አለችኝ።

እነዚያ ቆርቆሮና ዝንብ የመሰሉት ያንተ እጅ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ያንተው ቁጥር ሦስት ነው።

አሁን የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ። ካሴቱን የሰማን ቀን ቁጥር ሦስት ሲመጣ ያ ለፍላፊ ዳምጤ ዝም አለ። ሲያልቅ መልሰው አለኝ። እንዲህ የሚል ጊታር ካለህማ እኔ ኪቦርዱን ቀንሼ ነው የምመታው ብሎኛል፣ ዳምጤ ራሱ። ፈቲሀም ያንኑ መረጠች። እናቴ ያንተን ድምፅ ካስደገመች በኋላ ጊታሩንም ሰማች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ «ይሄኛው የሚናገረውን ያውቃል» አለች። ቃሏ ይህ ነው፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ማታ ማታ ብቻዬን የሰማሁት እሱን ነው። ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል።

ታዲያ ለምን አንድ አልክ ትለኛለህ። አንተን ለማስደሰት ነው። የምወደውን ሰው ሥራ አሞግሼ፣ ሱቁን አስይዤው፣ ልቡን ሞልቼለት አርፋለሁ ብዬ የትኛው ያንተ እንደሆነ ስፈልግ ከረምኩ። «ቁጥር አንድ» ስትል ድምፅህ ይንቀጠቀጣል፤ ያፈርክ መሰለኝ። «ትልቅ ነገር አይደለም» ብለህም ጻፍክልኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው፤ የተጠየቅሁት ጆሮዬን ነበር።

ግን እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የባሰውን ልናገር። ቁጥር ሦስትን እንደሰማሁ ይሄ የፋብሪካ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ቤት ልጅ እጅ ይወጣል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። የታፈነውን፣ ደካማውን ስሰማ ነው፣ በቃ ይሄ የእኛ ነው ያልኩት። ጋሼ፣ ከውሸቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ። አባቴ ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር?

ልነግርህ ቴሌ ድረስ ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ፤ በስልክ የሚባል አልሆነልኝም። ለእናቴና ለዳምጤ ግን ነግሬያቸዋለሁ። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዳምጤ እንኳ አልቀለደም።

ቁጥር አንድን ባለፈው ሳምንት ቡኢ ከተማ ሠርግ ላይ ይዤው ሄድኩ። ኪቦርዱ ዋጠው። እንዲያውም ይበለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን ዘግይቶ ይሆን? ሱቁ ምን ሆነ? ሰኔ አለፈ። እባክህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም፣ እሱን ብቻ ጻፍልኝ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

በደለኛ ታናሽህ ዑመይር


ብሬመን፣ ኅዳር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑመይር ሙስተፋ፤

ጤና ለቤቱ ሁሉ፣ ለአንተም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ስድብ ብቻ ስለነበር ቀደድኩት፤ ሌሎቹ ደግሞ ውሸት ነበሩ፣ ምንም አይደለም የሚሉ።

የጠየቅከውን ልመልስ። ሱቁ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተላልፏል። የእኛ ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ አሁን ብስክሌት ተሰቅሏል። ቦልተ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ገብቷል። እኔ አሳንሰር የሚጠግን ድርጅት ተቀጥሬያለሁ፤ ሥራው ክፉ አይደለም። ቁጥር ሦስት አልጋዬ ሥር ነው። የምኖረው ፎቅ ላይ ስለሆነ ከፍ አድርጌ መሞከር አልችልም፣ ከሚያዝያ ወዲህ አልነካሁትም።

ተናድጄብሃለሁ። «ሕይወት የለውም» ያልካትን ቃል ለቦልተ ስተረጉምለት ድገማት አለኝ፤ ደገምኩለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር በሁለት ቃል አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ነው። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

አሁን የእኔን ልንገርህ። እዚህ ከተማ ጊታር የሚመታ መቶ ሰው አውቃለሁ፤ ዕቃቸውን የምጠግንላቸው እኔ ነኝ። ቁጥር እየጠራሁ ባሰማቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። አላሰማኋቸውም። ባዕድ ፊቴ ላይ መጥፎ ነው እንዳይለኝ ፈራሁ። ዘመድ ቢከፋም አለስልሶ ይነግረኛል ብዬ ነው ወደ አንተ የላክሁት፣ ከዚያ አታዳላ ብዬ ጻፍኩልህ። አድልዎ ፈልጌ የመጣሁት እኔው ነኝ።

ደግሞም ቁጥር አንድ ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ አልተከራከርኩም። የካሴቱን ቅጂ አስቀርቼ ነበር፣ በእጄ ነበር፤ አንድ ጊዜ መልሼ ብሰማው ምን ነበረበት? አልሰማሁትም። ድሮም ከእኔ ምን ይወጣል አልኩና ተቀበልኩ። አንተ ደካማውን ሰምተህ የእኛ ነው አልክ፣ እኔም የእኔ ደካማ ነው ሲባል ወዲያው አመንኩ። ታዲያ በምን ተለያየን? አንተን ይቅር ብያለሁ። ለራሴ ነው ጊዜ የሚወስድብኝ።

ድምፅህ ተንቀጠቀጠ ላልከው፣ አፍሬ አልነበረም። ከአፌ አማርኛ ከወጣ ወራት ሆኖት ስለነበር ነው።

ደብዳቤህን ለቦልተ በስልክ አነበብኩለት። እማማ ያሉትን በጽሑፍ ላክልኝ አለ፤ በጀርመንኛ ጽፌ ላክሁለት። ግድግዳው ላይ ለጥፎታል አሉ። ሱቅ ግን የለም፣ እሱም አቅም የለውም። ብቻዬን አንድ በአንድ መሥራት እችል እንደሆነ እያሰብኩ ነው። ገና አልወሰንኩም።

ለሚመጣው መስቀል ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ቁጥር ሦስትን በእጄ ይዤው እመጣለሁ፣ ለማንም ኮንቴይነር አልሰጠውም። አንተ ስፒከር አዘጋጅ፣ ዳምጤንም ጥራው፣ ኪቦርዱን እንዳይቀንስ ግን ንገረው። ሰፈሩን በሙሉ ሰብስብ። ደግሞ ከመስማታቸው በፊት የማን ሥራ እንደሆነ ንገራቸው።

ወንድምህ ምንተስኖት ዱባለ